ኮሶበር ላይ ለቹንቾን የተለቀሰው ለቅሶ

ያን ጊዜ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት የሰው ዓይን የምለምን ሴትዮ፣ ያን ጊዜ ዳንግላ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ቤቱ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ፣ ጎረምሳው ሁሉ ሰፊ ሱሪውን አምጥቶ «እትዬ፣ አጥብቢልኝ» የሚለኝ ሴት ነበርኩ። ሱሪ ሁሉ የሚጠብበት ዘመን ነበር። ሴቶቹም እንደዚያው፤ ከላይ ነጠላ፣ ከታች እግር የማያስገባ ጂንስ። ጋሪ ከመናኸሪያ ገበያ ድረስ በሁለት ብር ያደርሳል። ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሠርላቸዋል፣ ባለጋሪዎቹ ገና ብቅ ካለው ባጃጅ ጋር ቀኑን ሙሉ ይሰዳደባሉ። «አንተ የቆርቆሮ ጢንዚዛ፣ ዞር በልልኝ!» «ሂድ ፈረስህን ነዳጅ አጠጣ!» ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ስልክ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ነበሩ፤ አንዱን ዘፈን ሳይጨርሱ ሌላውን ስለሚከፍቱ፣ እኔ የዚያን ዘመን ዘፈን መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላውቀውም። ከነሱ ቀጥሎ የኮሪያ ፊልም የሚያከራይ ቤት ነበር። ልጃገረዶቹ ሲዲውን በነጠላቸው ደብቀው ይወስዱና በማግስቱ ዓይናቸው አብጦ ይመልሱታል። በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ለማያውቁት ሰው ያለቅሳሉ። እኔ እስቅባቸው ነበር። የማያውቁትን ሰው ማልቀስ ወደ እኔም ቤት እንደሚመጣ በምን አውቄ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰችብኝ ጠጅቱ ናት። ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ፣ ድንች ከሚሸጥበት ጥግ ተገናኘን። ጠጅቱ በዘመኗ ከዳንግላ እስከ አዘና ስሟ የታወቀ አልቃሽ ነበረች፤ አሁን ድምጿ አልቋል፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሰላምታውን ስንጨርስ እጄን አልለቀቀችም። ዓይኗን ድንቹ ላይ ጥላ፣ «ያች ልጅሽ… ደህና ናት?» አለችኝ።

«ደህና ናት፤ ምነው?»

«ኧረ እንዲያው ነው። ያችን ለቅሶ ባሰብኩ ቁጥር እጠይቃለሁ። አላስችል ይለኛል።»

ገና ሦስት ዓመቴ ሳለ አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ ሃምሳ አለቃ አለኸኝ። እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። እንጅባራ ጫፍ ላይ፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ቤታቸው ነበር። አገሬው እንጅባራን ኮሶበር ነው የሚላት፤ እሳቸውም እስኪሞቱ ድረስ ከኮሶበር ሌላ አልጠሯትም። ከዳንግላ በሚኒባስ ስትወጡ መጀመሪያ ከመንገዱ ዳር ከሰል በጆንያ ተደርድሮ ታያላችሁ፣ ከዚያ ብርዱ ጉልበታችሁን ያገኘዋል፣ ከዚያ ጉሙ ይመጣል፤ ከጉሙ ውስጥ የቀርከሃ ወንበርና የቀርከሃ አልጋ የሚሸጡ ሰዎች እንደ ጥላ ይወጣሉ። የጋሼ ጓሮ ሙሉውን ቀርከሃ ነበር። ንፋስ ሲነሳ እርስ በርሱ እየተፋጨ ሰው የሚያወራ ይመስላል። ልጅ ሳለሁ «ማነው?» ብዬ ስጮህ፣ «ዝም በይ፣ ስለኛ ነው የሚያወሩት» ይሉኝ ነበር፣ በአውኚ። የቤታችን ቋንቋ አውኚ ነው፤ አማርኛውን እኔ ከገበያና ከመሠረተ ትምህርት፣ እሳቸው ከጦር ሠፈር ነው ያገኘነው።

ጋሼ በወጣትነታቸው ኮሪያ ዘምተዋል። የግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች እዚያው ቀርተዋል፣ በብርዱ። ስለ ተኩሱ አያወሩም። ስለ አንዲት ከተማ ግን ያወራሉ፤ ስሟ ቹንቾን። «ለጎጃም ደብረ ማርቆስ እንዳለች፣ ለዚያ ለተራራማው ክፍለ ሀገር ቹንቾን አለችለት። ገዢው የሚቀመጥባት ናት» ይላሉ። ዙሪያዋን በተራራ ታጥራለች፣ መሐሏ ላይ ደግሞ አንድ ብቻውን የቆመ ተራራ አለ፣ የተደፋ ድስት የመሰለ። ከሥሩ ንጉሥ ለክፉ ቀን መሸሸጊያ ያሠራው ግቢ ነበረ። ክፉው ቀን ሲመጣ ግን ንጉሡ ሳያድርበት ቀረ፤ ጋሼ ሲደርሱ ግቢው ተቃጥሎ በሩ ብቻ ቆሟል። «ቤት የሌለው በር» ይሉት ነበር። «በዚያ በር ሰው ያልፋል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ከወዲያ ግን ምንም የለም።» ሰባት ደርብ ያለው የድንጋይ ሐውልት ነበር፣ ጎኑን እሳት የላሰው። ሁለት ወንዞች ከከተማዋ በታች ይገናኛሉ፤ በክረምታቸው በብርዱ ሁለቱም በረዶ ሆነው ይረጋሉ፣ በሬ በላያቸው ይሻገራል። ይህን ስንሰማ ማንም አያምናቸውም። ወንዙን ቢያምኑላቸው በሬውን አያምኑላቸውም።

ልጄ ውባለም ብቻ ታምናቸው ነበር። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ዓመት፣ የዘማቾች የልጅ ልጆች ኮሪያ ሄደው ይማሩ የሚል ዕድል መጣ። እኔ የጋሼ ልጅ ሆኜ ስለተመዘገብኩ፣ ውባለም የልጅ ልጃቸው ሆና ተፈተነች። አለፈች። የምትማሪባት ከተማ ቹንቾን ናት ተባለች። ጋሼ ሲሰሙ ምድጃ ሄደው አመድ በእፍኛቸው አመጡና ደጁ ላይ በትነው፣ በእንጨት ከተማዋን ሣሉላት። በየቅዳሜው እየሄደች ትማር ነበር። «ከበሩ ስትወጪ ተራራው በስተጀርባሽ። ወንዞቹ የሚገናኙበት ድረስ ውረጂ። እዚያ ሜዳው ላይ መንደር አለ።» መንደሩ ላይ ሲደርሱ እንጨታቸው ይቆማል። ዶሮ መጥቶ ከተማዋን ሲጭራት ተነስተው እንደገና ይሥሏታል።

በዚያ ዓመት ነው ቀርከሃው ያበበው። ቀርከሃ በሰው ዕድሜ አንዴ ያብባል ወይ አያብብም። አበባው አበባም አይመስል፣ የደረቀ ስንዴ ነው የሚመስለው፤ ካበበ በኋላ ይደርቃል፣ ሁሉም አንድ ላይ። ሽማግሌዎቹ ቀርከሃ ሲያብብ ከቤቱ ሰው እየተሰናበተ ነው ይላሉ። እኔ ግን፣ ምነው ለቤት የሚሆን ስንዴ በሆነ ብዬ ሳቅሁ። ጋሼ አልሳቁም። የውባለምን ትከሻ ይዘው አጥሩ ድረስ ወሰዷትና፣ «ይኸን አትንኪው» አሏት።

አንድ ቀን ውባለም እሳቸውን ለማስደሰት ብላ ዳንግላ አመጣቻቸውና ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ካለው ኢንተርኔት ቤት አስገባቻቸው። እኔም ስፌቱን ጥዬ ተከተልኩ። በዚያ ዘመን ኔትወርክ እንደ ዘንገና ጉም ነበር፤ ሲያሰኘው ይመጣል። ፎቶው በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰማይ መጣ። ቀጥሎ የተራራ ጫፍ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ።

«እሷው ናት። ይኸውላችሁ፣ የተደፋው ድስት! ብያችሁ አልነበረም?» ዘወር ብለው የቤቱን ባለቤት እንኳ በፈገግታ አዩት። «አሁን ከሥሯ ወንዞቹ፣ ከወንዞቹ በስተግራ መንደሩ።» ጣታቸውን የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ አድርገው መንደሩ የሚመጣበትን ቦታ ጠበቁ።

የመጣው ውሃ ነው። ከጣታቸው ሥር፣ በስተግራም በስተቀኝም፣ እስከ ፎቶው ጫፍ ድረስ ውሃ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ሐይቅ ነው አባባ» አለች ውባለም። «ቹንቾን እኮ የሐይቅ ከተማ ነው የምትባለው። በሱ ነው የምትታወቀው።»

«ሐይቅ አልነበራትም።»

የቤቱ ባለቤት ከጀርባችን፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ዘመኑ ረዥም ነው፤ ረስተውት ይሆናል» አለ፣ በትሕትና ነው።

«የእግሬን ጣቶች የጣልኩበትን ሜዳ አልረሳም» አሉት። ጣታቸውን ከመስተዋቱ ላይ አላነሡም። ውባለም ግድብ ተሠርቶ ነው፣ ወንዞቹ ተገድበው ነው፣ መብራት የሚያገኙት በሱ ነው አለቻቸው። ሁሉንም ሰሟት። «ሰዎቹስ?» አሉ። ስለ ሰዎቹ ኢንተርኔቱ አይናገርም ነበር፤ ኔትወርኩም ሄደ።

እኛ ቤት ውሃ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ዘንገናን ያየ ያውቀዋል፤ ክብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ገብቶ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የኛ አዛውንቶች እዚያ መንደር ነበረ ይላሉ። እንግዳ ሲመሽበት አናሳድርም ያለ መንደር፤ ሲነጋ ውሃ ሆነ። በልጅነቴ ጋሼ እንስሳ ሲያጠጡ እንኳ ከዳሩ ለውሃው ጀርባዬን ሰጥቼ እንድቆም አይፈቅዱልኝም ነበር። በሳምንቱ ኮሶበር ስሄድ፣ የተሣለችውን ከተማ ውሃ አርከፍክፈው አጥፍተዋታል።

«ልጅቱ አትሄድም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ምነው? መቼም ውሃ ፈርተው…»

«አልመርቃትም። ያለ ምርቃት ትሂድ ካልሽ ልጅሽ ናት።»

ያለ ምርቃታቸው እንደማልሰዳት ያውቃሉ። ውባለም ሻንጣዋን ሰኔ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ ነሐሴ መሄጃዋ ነው። ሐምሌ ሙሉውን ዝናቡ ሲወርድ፣ ቀርከሃው በቁሙ ሲደርቅ፣ ልጄ ምግብ ሳትቀምስ ውላ ታድራለች። ስፌቱን ዘግቼ ሄድኩና ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ እስኪናገሩ ድረስ አልነሳም አልኩ። አመሻሽ ላይ ተናገሩ።

በዚያ መንደር አንዲት ሴት ነበረች። ከእሳቸው አሥር ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ጦርነቱ ባሏንም ልጇንም ወስዶባታል። እግራቸው ሲበላሽ ጓደኞቻቸው ቤቷ አስተኝተዋቸው ሄዱ። ወለሉ ከሥር በእሳት የሚሞቅ ቤት ነው። ከጥቁር እህል የተሠራ ሾርባ እያጠጣች፣ እግራቸውን እያጠበች አቆየቻቸው። «ሊወስዱኝ የመጡ ቀን ምን ልስጣት?» አሉኝ። «ምንም የለኝም። ያገሬን ሥርዓት ሰጠኋት። ከጓደኞቼ ስኳር ለመንኩ፣ በውሃ በጠበጥኩት፣ አውራ ጣቷን ነከርኩና ጠባሁ።» እኛ አገር ማር ነው፤ ጣት በማር ነክሮ የጠባ የጡት ልጅ ይሆናል፣ ከወለዱት አይለይም። ይጦራል፣ ይቀብራል፣ ያለቅሳል።

«እሷ ምን አለች?»

ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሳቁ። «የራበኝ መስሏት ሌላ ሾርባ አመጣች። ሁለተኛ ስጠባት ግን ገባት። ጣቷን ወደ ላይ አድርጋ እያየችው ቀረች፤ መኪናው ሲሄድ እንኳ እንዳነሣችው ነው።» ከዚያ ፊታቸው ተመለሰ። «ውሃ ውስጥ ናት። ልጇ ቆሜ እያለሁ ያልተለቀሰላት ናት። ያልተለቀሰለት ሞት ደግሞ ዘመድ ይጠራል። አንቺ ልጅሽን ልትልኪልኝ ነው ወደዚያ።»

«እናልቅስላታ» አልኩ።

የእድሩ ዳኛ አቶ በላይ ሲመጡ ጋሼ ጥቁር ለብሰው ቆይተዋል። አቶ በላይ ቀልድ ይወዳሉ፣ ያን ቀን ግን አልገባቸውም።

«እናቴ ሞታ ነው» አሏቸው።

«ሃምሳ አለቃ፣ እናትዎ እኮ በጃንሆይ ጊዜ ነው ያረፉት። እኔው ራሴ ንፍሮ በልቻለሁ።»

«እሷ የወለደችኝ ናት። ይች ያጠባችኝ።»

«የት ነው የሞቱት?»

«ኮሪያ።»

አቶ በላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ድንኳኑን እንሰጣለን። መኪና ግን እድሩ ከወረዳው ውጭ አይልክም።»

ጠጅቱን ከዳንግላ አመጣኋት። አልቃሽ ስለሟቹ ሳይነገራት አታለቅስም፤ ዘሩን፣ አገሩን፣ ሙያውን ትጠይቃለች። ጋሼ ስሟን አያውቁም ነበር፣ «እማ» ብቻ ነበር የሚሏት። ጠጅቱ ተቆጣች። «ስም የሌላትን፣ ዘር የሌላትን ምን ብዬ ላውርድላት? አገሯን እንኳ ይንገሩኝ።» አገሯን ነገሯት። ተራራውን፣ ቤት የሌለውን በር፣ ሰባቱን ደርብ፣ ሁለቱን ወንዞች፣ ሜዳውን የዋጠውን ውሃ፣ የጠቡትን ጣት። ጠጅቱ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከዚያ ድንኳኑ መሐል ቆመች፤ ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ ከጀርባ የደረቀው ቀርከሃ ይንኳኳል፤

ሁለት ወንዝ ተጋብቶ የሚጮህባት አገር፣
ማን ቤት አድረሽ ይሆን ውሃው ሲሻገር።

ዙሪያሽም ተራራ መሐልሽም ተራራ፣
አንዱን ሳትወጪው ገባሽ ከባሕር ጋራ።

ጣትሽን የጠባው ያ እንግዳ ልጅሽ፣
ኮሶበር ተቀምጦ ውሃ ወሰደሽ።

መጀመሪያ አንዳንዱ ሳቁን በነጠላ ይይዝ ነበር። ሦስተኛው ላይ የሚስቅ አልነበረም። የኮሶበር ሰው ብርድን ያውቃል፣ ጥቁር ውሃን ያውቃል። አንዲት ያላዩዋትን ሴት፣ አንዲት ያላዩዋትን ከተማ አለቀሱ፣ ደረት እየመቱ። ጋሼ መሬት ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠው ይዘው ነበር። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ ውባለምን ጠሩ፣ ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው ረዥም ምርቃት መረቋት። መጨረሻ ላይ፣ «ውሃውን እይው እንጂ አትግቢበት» አሏት።

ሄደች። እኔም ጨለማው የለቀቀን መስሎኝ ነበር። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ክፍሏ ከሐይቁ ፊት ለፊት ነው፣ ጧት ጧት ጉሙ ከውሃው ሲነሣ ኮሶበርን ይመስላል፣ ዶሮ በቀይ በርበሬ ጠብሰው ሲሰጧት የኛን አዋዜ ታስታውሳለች። ጋሼ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «በሩስ? በሩ አለ?» ይላሉ። «አለ አባባ፣ አድሰውታል።» «ከወዲያውስ?» «ሰው አለ።» ይደሰታሉ።

ቋንቋውን ስትለምድ፣ ውሃ የዋጠው የዚያ መንደር ሰዎች በዓመት አንዴ ሐይቁ ዳር እንደሚሰበሰቡ ሰምታ ሄደች። ያን ዕለት የደወለችልን ጋሼ እኔ ቤት ሳሉ ነው። በደስታ ትጮህ ነበር።

«ውሃው ሰው አልበላም! ሳይሞላ በፊት ሁሉንም ወደ ዳገቱ አዛውረዋቸዋል። አባባ፣ የእርስዎን የዘመቻ ጊዜ ፎቶ ለአሮጊቶቹ ሳሳይ አንዷ በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ፣ ዘጠና ያለፋት፣ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችና አውራ ጣቷን ወደ ላይ አደረገች። እንዲህ አድርጋ ከንፈሬ ላይ…»

እዚህ ላይ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት የጋሼን ፊት አየሁ። አመድ ሆኗል። «በቁሟ» አሉ። «በቁሟ አለቀስንባት።» ያን ጊዜ ገባኝ። በቆመ ሰው ላይ ድንኳን ተክለናል፣ ደረት መትተናል፣ ንፍሮ በልተናል። «ለቅሶ ባዶ እጁን አይመለስም» አሉ ጋሼ። «ወይ እሷን፣ ወይ አጠገቧ ያለውን።» አጠገቧ ያለው ማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አላስፈለገም። ለውባለም ደወልኩ፣ የለም። በማግስቱም የለም። ከተማው ሁሉ ስልኩን እያነሣ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ሰሞን ነበር፤ ከላይ ተቋርጧል ይላሉ፣ ለምን እንደሆነ የሚናገር የለም። ጋሼ የኔ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋሪውን ያያሉ፣ አይበሉም። እኔ መኪናዬን እረግጣለሁ እንጂ የሰፋሁትን ሁሉ መልሼ ስፈታ ነው የዋልኩት።

ኔትወርኩ ሳይመለስ አንድ ጧት ፊታቸውን ታጥበው ነጭ ጋቢያቸውን ለበሱ። ለብሰውት የቆዩትን የለቅሶ ጥቁር ለኔ ሰጡኝ። ጋሪ ጠርተው ጠጅቱ ቤት ሄድን። ከጋሪው ሳይወርዱ፣ «ጠጅቱ፣ ያን ቀን ያለቀስሽው ለኔ ነው» አሏት። «እኔን ነው ያወረድሽው። ሙያሽ ጥሩ ነበር፤ የራሱን ለቅሶ በጆሮው የሰማ ሰው የለም፣ እኔ ሰምቻለሁ። ስሞት ግን አትድገሚው።» ጠጅቱ በሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ በሚኒባስ ኮሶበር ወጥተው ለአቶ በላይ እንዲሁ ነገሯቸው። «የእድሩ ድንኳን የኔ ነበር። ተተክሎልኛል፣ ተነሥቷል። ሁለተኛ አይተከልም።» አቶ በላይ ሊቀልዱ አልሞከሩም። «እሺ፣ ሃምሳ አለቃ» አሉ። ቤታቸው ሲደርሱ ጋሼ የደረቀውን ቀርከሃ ሁሉ በገጀራ ጥለው ደጁ ላይ ቆለሉትና ወንበር አውጥተው ተቀመጡ።

ኔትወርኩ ሲመለስ ውባለም ደህና ነበረች። ሴትዮዋም ደህና ነበረች።

ጋሼ በኅዳር ሞቱ። ከሰው ሁሉ ጋር ቀበርናቸው፤ ድንኳን አልተተከለም፣ ያለቀሰም የለም። ጠጅቱ ከዳንግላ መጥታ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ፣ አፏን ሳትከፍት ተቀምጣ ዋለች። ውባለም ሴትዮዋ ዘንድ በየሳምንቱ እሑድ መሄዷን አላቋረጠችም። ሴትዮዋ ከጋሼ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች፤ ውባለም ግን መሞታቸውን አልነገረቻትም። በሄደች ቁጥር «ልጅሽ ሰላም ብሎሻል» ትላት ነበር።